ከጁስ ቤት ልጣጭ እስከ ማርማላታ፦ የኮምቦልቻ የሥራ ማስታወሻ

ኅዳር መጨረሻ

ሥራው ይኼ ነው። የኮምቦልቻ ጁስ ቤቶች በየቀኑ የሚጥሉትን የብርቱካን ልጣጭ ሰብስቤ ፔክቲን ላወጣበት ነው። ፔክቲን ማርማላታን የሚያረጋው ነገር ነው። እንደ ስኳርና እንደ ስታርች እሱም ካርቦሃይድሬት ነው። ግን ተክሉ ለስንቅ ያስቀመጠው አይደለም፤ ሴሎቹን እርስ በርስ ያጣበቀበት ነው። ስሙን ያወጣለት አንሪ ብራኮኖ የሚባል ፈረንሳዊ ኬሚስት ነው፤ በ1825 እ.ኤ.አ.። ዛሬ በዓለም ገበያ የሚሸጠው ፔክቲን በአብዛኛው የሚወጣው ከብርቱካንና ከሎሚ ወገን ፍራፍሬዎች ልጣጭ፣ እንዲሁም ከፖም ጭማቂ ቅሪት ነው። ውጭ አገር ፋብሪካ የሚገባው ልጣጭ እዚህ ቱቦ ውስጥ ይጣላል።

ብርቱካን ሲጨመቅ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ልጣጭ፣ ገለባና ፍሬ ሆኖ ይቀራል። አንድ ጁስ ቤት ማታ የሚያወጣውን የቆሻሻ ማዳበሪያ ከረጢት አንሥቶ ያየ ሰው ይህ ቁጥር አይገርመውም።

እኔን ያነሣሣኝ ግን ሳይንሱ ሳይሆን ታላቅ እህቴ ናት። ከመርሳ በኩል በሚመጣ ፓፓያ ማርማላታ እየሠራች ለሠፈር ሱቆች ትሸጣለች። ጣዕሙ እሰየው ነው። መርጋት ላይ ግን ጉድ ነው፤ ዳቦ ላይ ሲቀቡት ወርዶ ክርን ይደርሳል። እንዲረጋላት ብላ እሳት ላይ ስታቆየው ደግሞ ይጠቁርና የተቃጠለ ስኳር ይሸታል። ፓፓያ ፔክቲኑም ትንሽ፣ አሲዱም ትንሽ ነው። ሁለቱም ሳይኖሩ ማርማላታ እንዲረጋ መጠበቅ የዋህነት ነው።

ታኅሣሥ መጀመሪያ

ልጣጭ ማግኘት ቀላል ነው። «ውሰደው አቦ፣ ገላገልከኝ!» አለኝ የጁስ ቤቱ ልጅ። ከባዱ ንጹሕ ልጣጭ ማግኘት ነው። ማዳበሪያው ውስጥ የሙዝ ልጣጭ አለ፣ የአቮካዶ ፍሬ አለ፣ ስትሮ አለ፣ ሶፍት አለ። አንዳንዴ የቡና አተላም ተደፍቶበታል።

ከዚህ ሁሉ የባሰው ያደረ ልጣጭ ነው። ልጣጭ ሲያድር ሁለት ነገር ይደርስበታል። ሻጋታ ይይዘዋል፤ ሻጋታው ደግሞ ፔክቲኑን ይበላል። በተጨማሪም ልጣጩ ውስጥ ከተፈጥሮው ያለ ኢንዛይም ፔክቲኑን መለወጥ ይጀምራል። የተለወጠው ፔክቲን በስኳር አልረጋም ይላል፤ ካልሲየም ይፈልጋል። ስለዚህ ክዳን ያለው ባልዲ ሰጠሁና «ብርቱካን ብቻ» አልኩ። ማታ ማታ ሄጄ እወስዳለሁ። ቤት እንደደረሰ ሳይውል ሳያድር የፈላ ውሃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ይነከራል። ኢንዛይሙ እዚያው ሥራ ያቆማል።

ታኅሣሥ አጋማሽ

ዛሬ ልጣጩን በደንብ አየሁት። ውጪው ብርቱካናማው ሽፋን ስስ ነው። ፀሐይ ላይ ይዛችሁ ብታጥፉት ትንንሽ ጠብታ ሲረጭ ይታያል፤ ዘይቱ ነው። ክብሪት ቢጠጉት ብልጭ ይላል። ሽታው ደስ ይላል፣ ጥፍር ሥር የተላጠ ቦታ ካለ ግን ያንጨረጭራል። ከሥሩ ያለው ነጩ፣ ሲበሉት የማይጥመው ክፍል ነው ለእኔ ወርቁ። ፔክቲኑ በብዛት ያለው እዚያ ነው።

ሁለቱን ጥርት አድርጎ መለየት ይቻላል፤ ግን ሰው ይጨርሳል። በካሮት መፋቂያ ውጪውን ፈቅፈቅ አድርጎ ማለፍ ይበቃል። የቀረ ዘይት ካለ ጣዕሙን ትንሽ መራራ ያደርገዋል እንጂ መርጋቱን አይከለክልም።

ከዚያ ይከተፋል። ለብ ባለ ውሃ ይታጠባል፣ ይጨመቃል፣ እንደገና ይታጠባል። ስኳሩና አብዛኛው ምሬት በዚህ ይሄዳል። ውሃው ቢጫ ሆኖ ይወርዳል። ፔክቲኑ አብዛኛው አይነቃነቅም፤ እሱን የሚያስለቅቀው አሲድና ሙቀት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ለ1 ኪሎ የታጠበ ልጣጭ 3 ሊትር ውሃ። ሲትሪክ አሲድ፣ ለከረሜላና ለኬክ የሚሸጠው፣ ቀስ እያሉ መጨመር። ፒኤች የአሲድነት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል። የፒኤች ወረቀቱ ከ2 እስከ 2.5 መካከል ሲያሳይ ማቆም። 90 ዲግሪ አካባቢ ለአንድ ሰዓት ያህል በእንጨት ማንኪያ እያማሰሉ መጠበቅ። አሉሚኒየም ድስት አይሆንም፣ አሲዱ ይበላዋል። የማይዝግ ብረት ወይም ያልተላጠ ኢሜል ይሻላል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። መመሪያዎቹ «90 ዲግሪ» ሲሉ የሚያስቡት ውሃ በ100 የሚፈላበትን አገር ነው። ኮምቦልቻ 1850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ ውሃ የሚፈላው 94 አካባቢ ነው። ሽቅብ ደሴ ስትወጡ ደግሞ 92 ላይ ይፈላል። ስለዚህ ለእኛ 90 ማለት የመፍላት አፋፍ ማለት ነው። ድስቱ ዳር ዳሩን ትንንሽ አረፋ ሲያወጣ እሳቱን ቀነስ ማድረግ ነው። ቴርሞሜትር የሌለው ሰውም በዚህ ሊሠራ ይችላል።

ሰዓቱ ሲደርስ ፈሳሹ ይለወጣል። ማንኪያው ሲነሣ እንደ ተልባ ውሃ እየተጎተተ ይወርዳል። ይህን ሳይ ነው ልቤ የረጋው።

ማጥለያው አቡጀዴ ነው። በርጩማ ገልብጬ አራቱ እግር ላይ አሰርኩትና ከሥሩ ሳፋ አደረግሁ። ሌሊቱን ጠብ ጠብ ሲል ያድራል። መጭመቅ ያምራል፤ ግን ከጨመቁት ገለባው አብሮ ይወጣና ፈሳሹ ይደፈርሳል።

ታኅሣሥ መጨረሻ

ፔክቲን መኖሩን በምን እናውቃለን? በአልኮል። ከቀዘቀዘው ፈሳሽ አንድ ማንኪያ፣ ከ96 በመቶ አልኮል ሦስት ማንኪያ፣ ብርጭቆ ውስጥ። ሳያማስሉ ዘንበል ቀና ማድረግ ብቻ። ፔክቲኑ ጥሩ ከሆነ በቅጽበት ይሰበሰባል፤ አንድ ወጥ፣ የሚያሳልፍ፣ በሹካ የሚነሣ ጓል ይሆናል። ደካማ ከሆነ ክር ክር እያለ ይበታተናል። የእኔ በሹካ ተነሣ። ከዚያው ልጣጭ ሁለተኛ ጊዜ የተቀቀለው ግን ክር ብቻ ሰጠ። ስለዚህ ሁለተኛው ቅቅል ለከሰሉም አይመጥንም።

የተሞከረው ይደፋል። አይቀመስም። የኢንዱስትሪ አልኮል ውስጥ ሜታኖል ሊኖር ይችላል፤ ሜታኖል ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላልም።

አሁን ወደ ሂሳቡ። ፋብሪካ ዱቄት የሚያወጣው በዚሁ መንገድ ነው፤ ፈሳሹ ላይ አልኮል ይጨምራል፣ ፔክቲኑ ይሰበሰባል፣ ይጨመቃል፣ ይደርቃል፣ ይፈጫል። ፔክቲኑ ደህና አድርጎ እንዲወርድ ድብልቁ ውስጥ ያለው አልኮል 60 በመቶ አካባቢ ቢደርስ ጥሩ ነው። ለ1 ሊትር ፈሳሽ 2 ሊትር ባለ96 ከጨመርን 64 በመቶ ይሆናል። ይበቃል። ለእጅ ማጽጃ የሚሸጠውን ባለ70 ሁለት ሊትር ብንጨምር ግን 47 አይሞላም።

ጎረቤታችን አንዲት እናት ይህን ሁሉ ሲሰሙ ቆይተው «ዳግም አረቄስ አይሆንም ልጄ?» አሉኝ። ዳግም አረቄ ከ50 በመቶ በታች ነው፤ እጥፍ ቢጨመር እንኳ ድብልቁ ከ33 አያልፍም። አስረዳኋቸው። «እንዲያማ ከሆነ ለሚጠጣው ይቅር» ብለው ተነሡ።

የሚገኘውን ደግሞ አስሉት። 1 ኪሎ እርጥብ ልጣጭ ሲደርቅ 200 ግራም ቢሆን ነው። ፋብሪካ አሳምሮ ከሠራ ከደረቅ ልጣጭ ከ20 እስከ 30 በመቶ ፔክቲን ያወጣል። ማለትም ከ40 እስከ 60 ግራም። በጓሮ ሥራ ከዚያ ያንሳል። ለዚህች እፍኝ ዱቄት ሊትር በሊትር አልኮል! ፋብሪካዎቹ አልኮሉን አጣርተው መልሰው ይጠቀሙበታል፤ ያለዚያ አያዋጣም። እኔ ግን የከሰል ምድጃ በሚነድበት ግቢ አልኮል ላተን አልችልም። እሳት በእጅ መጥራት ነው።

ጥር

ለሙከራ ያህል ትንሽ ዱቄት አወጣሁ። ጓሉን በአቡጀዴ ጨምቄ፣ ሳህን ላይ ዘርግቼ፣ በጥላ አደረቅሁትና በቡና መፍጫ ፈጨሁት። ግራጫ የመሰለ ቢጫ ነው። ውሃ ላይ እንዲሁ ቢበተን ይጓጉላል፤ ውጪው ይረጥባል፣ ውስጡ ደረቅ ይቀራል። አምስት እጥፍ ስኳር ጋር በደረቁ አደባልቆ ቀስ እያሉ መጨመር ነው። ያን ጊዜ ይሟሟል።

ዱቄቱን እያየሁ አንድ ነገር ገባኝ። ፋብሪካ ዱቄት የሚያደርገው ለሱ ስለሚመቸው ነው። በመርከብ ይጫናል፣ ዓመት ይቀመጣል፣ ጥራቱ ይለካል። የእኔ ማርማላታ ያለው ግን በባጃጅ ከሚደረስበት ሠፈር ነው። ደግሞ ፋብሪካው በአልኮል እያጠበ የሚያስወግደው አሲድ አለ። ፓፓያ የሚያጥረው ምኑ ነበር? ፔክቲንና አሲድ። ፈሳሹ ውስጥ ሁለቱም አሉ! አልኮል ገዝቼ፣ ደክሜ፣ እህቴ የምትፈልገውን ግማሹን ነገር አውጥቼ ልጥል ነበር ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ዱቄት የለም። ፈሳሹን እንዳለ።

የቀረው ፈሳሹ ቀጭን መሆኑ ነው። አፍልቶ ማወፈር ይቻላል ብትሉኝ፣ አይቻልም። አሲድ ውስጥ ያለ ፔክቲን ብዙ ሲፈላ እንደ ሰንሰለት የተያያዘው ረጅም ሞለኪዩሉ ይቆራረጣል፤ መርጋቱን ያጣል። የሚሻለው የመጀመሪያውን ፈሳሽ በአዲስ ውሃ ፈንታ ሌላ ልጣጭ መቀቀያ ማድረግ ነው። ሁለተኛው ልጣጭ ፔክቲኑን እዚያው ላይ ይጨምራል። ፈሳሹም ወፈር፣ ድርብ ይሆናል።

ጥር መጨረሻ፣ የፓፓያው ሙከራ

1 ኪሎ የተፈጨ ፓፓያ፣ 1 ኪሎ ስኳር፣ ግማሽ ሊትር ከድርቡ ፈሳሽ። በስኳር የሚረጋው ዓይነት ፔክቲን ሁለት ቅድመ ሁኔታ አለው። ድብልቁ ውስጥ የሟሟው ነገር፣ በአብዛኛው ስኳሩ፣ 65 በመቶ አካባቢ መድረስ አለበት። ፒኤቹ ደግሞ 3 አካባቢ መውረድ አለበት። የፓፓያ ፒኤች ብቻውን ከ5 በላይ ነው። ወረቀቱን ነከርኩት፤ አሁንም ከ3.5 በላይ ነው። የሎሚ ጭማቂ ጨመርንበት። ደረሰ።

መቼ ይወርዳል? የውጭ አገር አዘገጃጀቶች «104 ወይም 105 ዲግሪ ሲደርስ» ይላሉ። እሱ ለባሕር ጠረፍ ሰው ነው። ዋናው ነገር ውሃ ከሚፈላበት ከ4 እስከ 5 ዲግሪ መብለጡ ነው። ኮምቦልቻ ላይ 98 ወይም 99 ማለት ነው። እዚህ 105 እስኪሞላ የሚጠብቅ ሰው ከረሜላ ያገኛል። እህቴ እስከ ዛሬ ማርማላታዋ የሚጠቁርባት አንዱ ምክንያት ይኼ ሳይሆን አይቀርም፤ ከሆነ ቦታ ያገኘችውን 105 አጥብቃ ይዛው ነበር።

ቀዝቃዛ ሳህን ላይ ጠብታ ጣልንና በጣት ገፋነው። ገጹ ተጨማደደ። ማሰሮዎቹ ውስጥ ገብቶ ሲበርድ ረጋ። ማንኪያ ሲቆርጠው ጠርዙ ቆሞ ይቀራል።

እህቴ ቀመሰች። ዝም አለች። እኔ ሙገሳ ስጠብቅ «ብርቱካን ብርቱካን ይላል» አለች። «እኔ ፓፓያ ነው ብዬ ነው የምሸጠው፤ ሰዉ ምን ይለኛል?» እውነቷን ነው። ልጣጩን አንድ ዙር ጨምሬ ባጥብ ሽታው ይቀንሳል፤ አይጠፋም። መጨረሻ ላይ ወረቀቱ ላይ «ፓፓያ በብርቱካን» ብላ ጻፈች። እንዲያውም በዚህ ስሙ የተሻለ ተሸጠ።

ማቆያውን በተመለከተ፦ ፈሳሹም ማርማላታውም ትኩስ እንዳለ በታጠበ ብርጭቆ ዕቃ ይሞላል፣ ይከደናል። ፒኤች ከ4.6 በታች ከሆነ አደገኛው የቦቱሊዝም ባክቴሪያ አያድግም። ሻጋታ ግን አሲድ አይፈራም። የተከፈተ ዕቃ ቶሎ ማለቅ አለበት።

የካቲት

ዘንድሮ ረመዳንና ሁዳዴ ገጠሙ። በቀን ጁስ ቤቶቹ ጭር ይላሉ። አፍጥር ሲደርስ ግን ወረፋ ነው፤ ሁዳዴ የያዘውም ወተት ስለማይጠጣ እዚያው ይሰለፋል። ልጣጩ በአንድ ምሽት ይጎርፋል። ይህን ሁሉ በአንድ ሌሊት መቀቀል አይቻልም፣ መብራትም ሄድ መጣ እያለ ነው።

ስለዚህ ማድረቅ ጀመርን። በፈላ ውሃ የተነከረውና የታጠበው ልጣጭ ሸራ ላይ ይሰጣል። የኮምቦልቻ ፀሐይ ደግ ነው፤ የደረቀ ልጣጭ ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ይሰበራል። እንደዚያ ከሆነ ማዳበሪያ ውስጥ ወራት ይቀመጣል፣ ቦታም አይፈጅም። ፈተናው በልጉ ነው። ሰማዩ ከሰዓት በኋላ ሲጠቁር ሸራውን ጠቅልሎ መሮጥ ነው። ግማሽ ደርቆ የረጠበ ልጣጭ በማግስቱ ይሻግታል፤ እሱ ለቆሻሻ ነው።

የጁስ ቤቱ ልጅ ነቄ ብሏል። «ቆይ፣ ይኼን ነገር ትሸጠዋለህ እንዴ?» አለኝ። ተደራደርን። ክፍያው በማርማላታ ሆነ። ዳቦ ይዞ የሚመጣው እሱ ነው፣ ቅቡን እኔ አቀርባለሁ።

መጋቢት

ሌላ ካርቦሃይድሬት፣ ያለ ምንም አሲድ። መንገድ ዳር ችብስ የምትጠብስ ጎረቤት አለችን። ድንቹ ከደጋው ይመጣል። ቆርጣ ባልዲ ውስጥ ታጥበዋለች፤ ታጥቦ የሚወጣው ውሃ ነጭ ነው። ያ ነጭ ስታርች ነው። የድንች ስታርች ቅንጣት ከሌላው ሲነጻጸር ትልልቅ ስለሆነ ቶሎ ይዘቅጣል። ሌላ ባልዲ አቀረብኩላት። ውሃው ጥቂት ከተቀመጠ በኋላ ከላይ ያለው ሲደፋ፣ ከሥር ነጭ ነገር ተጋግሮ ይቀራል። ጣት ሲጫኑት ይጠነክራል፤ ሲለቁት ይፈሳል። ልጆቹ ከዚህ ባልዲ አልነሣም ብለዋል።

ስታርች መሆኑን ማረጋገጫው ከፋርማሲ የሚገዛ ቤታዲን ነው። አንዲት ጠብታ ስትነካው ቡናማው ወዲያው ወደ ሰማያዊ ጥቁር ይለወጣል። ንጹሕ ውሃ እየጨመሩ፣ እያዘቀጡ፣ እየደፉ ሲደጋግሙት ፍጹም ነጭ ይሆናል። ደርቆ ለአፍጥር ሾርባ ማወፈሪያ ገባ። ቡላ የሚያውቅ ሰው ዘዴው አይጠፋውም።

ልጣጩን ግን ተውኩት። ከአፈሩ ጋር ነው የሚመጣው። አረንጓዴ የሆነው ደግሞ ሶላኒን የሚባል መርዝ አለበት። ለፍየልም በጥሬው አልሰጥም።

በዚሁ ሰሞን በኖራ አንድ ሙከራ አየሁ። ትላልቅ የብርቱካን ፋብሪካዎች ከተረፈው ልጣጭ የከብት መኖ ሲያደርጉ መጀመሪያ ኖራ ይነሰንሱበታል። ልጣጭ ውሃ የማይለቀው ፔክቲኑ ጨብጦ ስለሚይዘው ነው። የኖራው ካልሲየም ፔክቲኑን ሲያያይዘው ጭብጡ ይላላል። እፍኝ ያህል የተከተፈ ልጣጭ ላይ ቁንጥር ኖራ አሸሁበት። ቡናማ ቢጫ ሆነ፤ ጥቂት ቆይቶ ውሃው ራሱ መውረድ ጀመረ። ያለ ኖራ በጉልበት ጨምቄ ካወጣሁት በላይ ነው። ለከብት ግን አላቀረብኩትም። ለግንባታ የሚሸጥ ኖራ ውስጥ ምን ምን እንዳለ አይታወቅም።

ግንቦት

ብርቱካን አልቋል። ማንጎ ገብቷል። ከመርሳና ከጊራና የሚመጣው ማንጎ ከተማውን ሞልቶታል፤ ጁስ ቤቶቹ አሁን የሚጥሉት ልጣጩንና ፍሬውን ነው።

የማንጎ ልጣጭም ፔክቲን አለው። በዚያው በብርቱካኑ መንገድ ቀቀልኩት። አልኮሉ ላይ ጓል ሠርቷል፣ ግን ለስለስ ያለ ነው፤ ሹካ ላይ ይዘረጋል። ቀለሙ ደግሞ ወደ ቡናማ ያደላል። ለማንጎ ማርማላታ ግን ምን ገዶት? ቀለሙም ሽታውም የራሱ ነው። እህቴ በዚህኛው አልተከራከረችም።

ፍሬው ሌላ ታሪክ ነው። ጠንካራው ቅርፊት በመዶሻ ሲሰበር ውስጡ ያለው ለስላሳ አስኳል ከደረቅ ክብደቱ ግማሽ ያህሉ ስታርች ነው። ለወሬ ያምራል። ሲሠሩት ግን አስኳሉ አየር ሲነካው ይጠቁራል፣ ታኒኑ ብዙ ነው። ስቡ ደግሞ ስታርቹ ላይ ይጣበቃል። ቅንጣቱ ከድንቹ ያነሰ ስለሆነ ቶሎ አይዘቅጥም፤ ባልዲው ሌሊቱን ማደር አለበት። በሎሚ ውሃ ሲታጠብ መልኩ ቀለል አለ እንጂ ነጭ አልሆነም። መዶሻውም ቢሆን ጣት አይምርም። የስቡ ነገር ይስባል፤ ሲበርድ ይረጋል፣ የካካዎ ቅቤን የሚመስል ጠባይ አለው ይባልለታል። እሱን የሚሠራ መጭመቂያ ያለው ሰው ከመጣ ፍሬውን በነፃ እሰጣለሁ፤ መስበሩ ግን የራሱ ነው።

ለክረምቱ ያለን የደረቀ የብርቱካን ልጣጭ ነው። ደረቁ ሲቀቀል ከእርጥቡ ውሃ ይበልጥ ይጠጣል፤ ለ1 ኪሎ ደረቅ ከ15 ሊትር ባላነሰ ውሃ መጀመር ይሻላል። ቀድሞ ለጥቂት ሰዓት መዘፍዘፍ ደግሞ ከሰል ይቆጥባል። የሚቀጥለው ሙከራ ቲማቲም ላይ ነው። ከቆቦ በኩል የሚመጣው ቲማቲም ሲረክስ በየገበያው ይበሰብሳል፣ እህቴም ድልህ ልትሠራ ተነሥታለች። የቲማቲም ልጣጭ ፔክቲን ይኑረው እንጂ ከብርቱካን ጋር አይወዳደርም፤ እኔ የፈለግሁት ድልሁ ውሃ እንዳይለቅ የድንቹ ስታርች ምን ያህል እንደሚበቃ ለማየት ነው። መጀመሪያ ለ1 ኪሎ አንድ ማንኪያ እንሞክራለን።